ከድሮ ጋዜጣ እስከ ቲክቶክ፦ አዳዲስ መጻሕፍትን እናስመርቅ

ውድ አባላት፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዘንድሮም የሚዲያና ኮሙኒኬሽን አዳዲስ የጥናት መጻሕፍትን በጋራ እናስመርቃለን። መጽሐፍ ያሳተማችሁ፣ አንድ ምዕራፍ ብቻም የጻፋችሁ፣ የሽፋኑን ፎቶና አጭር መግለጫ ላኩልን። «ምዕራፍ ምን አላት» ብላችሁ እንዳትተዉት፤ በእኛ ዘርፍ ብዙ ጥሩ ሥራ የሚወጣው ብዙ ሰው በጋራ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ነው።

በተለይ የፕሬስ ታሪክ ሥራዎችን እንፈልጋለን። በ1933 ዓ.ም. ከተጀመረው አዲስ ዘመን አንስቶ፣ የ1985ቱ የፕሬስ አዋጅ በር ሲከፍትላቸው እንደ አሸን ፈልተው ብዙዎቹ ሳይቆዩ እስከጠፉት የግል ጋዜጦችና መጽሔቶች ድረስ፣ ገና ያልተነካ ጉዳይ ሞልቷል። ስለ ቲክቶክና ቴሌግራም የተጻፈውም ይምጣ፤ እሱማ ሳንጠራውም ይመጣል!

ደራሲዎች፣ እባካችሁ ምስጋናውን አሳጥሩና መረጃውን እንዴት እንዳገኛችሁት ንገሩን። ዋጋም አለ። የውጭ አሳታሚዎች ጠንካራ ሽፋን ያለው የጥናት መጽሐፍ ብዙ ጊዜ ከ100 ዶላር ያልፋል፣ ለእኛ ተማሪ ደግሞ ይሄ የማይታሰብ ነው። በነፃ የሚወርድ ቅጂ ካለ ሊንኩን አብራችሁ ላኩ። በአማርኛ የጻፈ ካለማ መድረኩን የሚከፍተው እሱ ነው።