የቀልድ ዓምዱን ከማንሳታችሁ በፊት

ክቡር አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ የቀልድና የካርቱን ዓምዱን ልታነሱት መሆኑን አስታውቃችኋል። ወረቀት መወደዱ፣ የዜና ቦታ መጥበቡ፣ ሰውም ቀልዱን ከስልኩ እንደ ልቡ ማግኘቱ ይገባኛል። ያልተዋጠችልኝ ከምክንያቶቹ መሐል ጣል ያደረጋችኋት አንዲት ሐሳብ ናት፦ ቁም ነገረኛ ጋዜጣ አቅሙን ለምርመራ ማዋል አለበት፣ ፌዝ የፈለገ ሌላ ቦታ ይፈልግ የምትለዋ። እኔ የምኖረው ለንደን ነው። እዚህ አገር ሹማምንት ስማቸው እንዳይወጣበት ከሚሰጉባቸው ኅትመቶች አንዱ በፌዝ የሚተዳደር መጽሔት ነው።

ስሙ ፕራይቬት አይ ይባላል። በ1961 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) አብረው የተማሩ ጥቂት ወጣቶች ለጨዋታ ያህል የጀመሩት ነው። በየሁለት ሳምንቱ ይወጣል። የአሁኑ ዋና አዘጋጅ ኢያን ሂስሎፕ ወንበሩን የያዘው በ1986፣ ገና በ26 ዓመቱ ነው፤ ከማርጋሬት ታቸር ጀምሮ ጠቅላይ ሚኒስትሮች ሲመጡና ሲሄዱ እሱ እዚያው አለ። ወንበር ላይ ሙጭጭ ያሉትን ሲተች የኖረ ሰው ራሱ አልነሳም ማለቱን አንባቢዎቹ ይቀልዱበታል።

መጽሔቱን ላላየው ሰው እንዲህ ነው። ሽፋኑ ላይ የሰሞኑ ባለሥልጣን ፎቶ አለ፤ ከአፉ አጠገብ በተሣለች ክብ ውስጥ ሰውየው ያላለው፣ ግን በሆዱ ሳይል የማይቀር ነገር ተጽፏል። ስትገልጡት ታዲያ መጀመሪያ የምታገኙት ሳቅ አይደለም። ዓይን የሚያደክም ደቃቅ ጽሑፍ ነው። ስለ ፓርላማ፣ ስለ ሐኪም ቤት፣ ስለ ሥነ ሕንፃ፣ ስለ ራሳቸው ስለ ጋዜጦቹ ገመና። መሐሉ ላይ ካርቱኑና የፈጠራ ወሬው ይመጣል። መጨረሻው አካባቢ ደግሞ ማንም የማይስቅባቸው ገጾች አሉ፤ የኩባንያ መዝገብ፣ የፍርድ ቤት ሰነድ፣ የጨረታ ውል እየተጠቀሰ የሚጻፍባቸው። አብዛኛው ጽሑፍ የጸሐፊ ስም የለውም።

እኔ ከሁሉም የምወደው ስለ አካባቢ ምክር ቤቶች የሚጽፈውን ዓምድ ነው። የትኛው ተመራጭ የራሱን የካውንስል ግብር ሳይከፍል ነዋሪውን ክፈል እንደሚል፣ የትኛው ሹም በጡረታ ስም ካሳ ተቀብሎ ወጥቶ በሳምንቱ በአማካሪነት እንደተመለሰ፣ እንዲህ እንዲህ ያለ ነገር ነው የሚወጣበት። ለትልቅ ጋዜጣ ይህ ወሬ ትንሽ ነው፤ ለሰፈሩ ሰው ግን የመንገዱ፣ የመብራቱና የቤት ኪራዩ ጉዳይ ነው። ከየት ያገኙታል ብትሉ ከውስጥ ነው። ከመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ ከነርስ፣ አለቃው ዜናውን መሳቢያ ውስጥ ከቆለፈበት ጋዜጠኛ። የእኛ ነገሥታት «እረኛ ምን አለ?» ብለው ይጠይቁ ነበር ይባላል፤ እዚህ እረኛው ያለው ነገር በየሁለት ሳምንቱ ታትሞ ይሸጣል።

አንድ ጉዳይ ጠለቅ ብዬ ላንሳ፣ ክርክሬ ያለው እዚያ ነውና። በ1992 መጽሔቱ ላይ «ኤም ዲ» በሚል የብዕር ስም የሚጽፍ ወጣት ሐኪም ነበረ፤ ፊል ሃሞንድ ይባላል። ሰውየው ሐኪምም የመድረክ ኮሜዲያንም ነው። በብሪስቶል ከተማ ሆስፒታል በሕፃናት የልብ ቀዶ ሕክምና ላይ የሚሞቱት ልጆች ከሌላው ቦታ እንደሚበዙ፣ ይህንንም እዚያው የሚሠሩ ሐኪሞች እንደሚያውቁት ጻፈ። የጻፈው እንግዲህ ሰው ሊስቅ በሚገዛው መጽሔት ላይ ነው። ወዲያውኑ የተንቀሳቀሰ የለም። በኋላ መንግሥት ያቋቋመው አጣሪ ጉባኤ በ2001 ሪፖርቱን ሲያወጣ፣ ከ1991 እስከ 1995 ባሉት ዓመታት አንድ ዓመት ካልሞላቸው ሕፃናት መካከል በተለመደው ሆስፒታል ከሚጠበቀው በላይ ከ30 እስከ 35 የሚሆኑ ተጨማሪ ልጆች መሞታቸውን አረጋገጠ። ክቡር አዘጋጅ፣ ይህን ሐኪም እናንተ ብታገኙት የት ገጽ ላይ ታስቀምጡት ነበር? የቀልድ ዓምዱን ልታነሱት ነው፤ የጤና ዓምዱ ደግሞ ስለ ስኳርና ስለ ደም ግፊት ምክር ይሰጣል።

የፖስታ ቤቱን ጉድ ሳትሰሙት አልቀራችሁም። ሆራይዘን የተባለ የፉጂትሱ ኩባንያ የሒሳብ ሶፍትዌር የሌለ ጉድለት እያሳየ፣ ከ1999 ጀምሮ በነበሩት ዓመታት ከ900 በላይ የቅርንጫፍ ፖስታ ቤት ኃላፊዎች በሌብነትና በሒሳብ ማጭበርበር ተከሰው ተፈርዶባቸዋል። የታሰረ፣ ቤቱን ያጣ፣ ራሱን ያጠፋ አለ። መጀመሪያ የጻፈው ፕራይቬት አይ አልነበረም፤ ኮምፒውተር ዊክሊ የተባለ የሙያ መጽሔት ነው፣ በ2009። ፕራይቬት አይ በ2011 ተቀበለው፤ ከዚያ ወዲያ አለቀቀውም። ሌሎቹ አንድ ጊዜ ጽፈው ሲተዉት፣ ወይም ጨርሶ ሳይነኩት፣ ይኼኛው እያመላለሰ ጻፈው። አገሩ በሙሉ የተንጫጫው ታሪኩ በ2024 መጀመሪያ በቴሌቪዥን ድራማ ሲታይ ነው፤ በዚያው ዓመት ፓርላማው ፍርዶቹን በጅምላ የሚሽር ሕግ አወጣ። ተበዳዮቹ ያን ሁሉ ዓመት ሲጮኹ ከጠበቃቸውና ከጥቂት ጋዜጠኞች ሌላ የሚሰማቸው አልነበረም። አንባቢ ሳይሰለች አንድን የሶፍትዌር ጉዳይ ይህን ያህል ዓመት ማቆየት የተቻለው ለምን ይመስላችኋል? ገዢው መጽሔቱን ለካርቱኑ ብሎም ቢሆን ይገዛዋላ። ኮሶውን ከማሩ ጋር ይውጠዋል።

ገንዘቡም ከዚያው ነው የሚመጣው። ኢንተርኔት ላይ ብትፈልጉት ከቅንጭብጭብ በቀር አታገኙም፤ ማንበብ የፈለገ ወረቀቱን መግዛት አለበት። በዚህ ዘመን በየእትሙ ከ200,000 ቅጂ በላይ ይሸጣል። ማስታወቂያ ባያጣም በማስታወቂያ አይኖርም፤ ስለዚህ የባንክ ወይም የኩባንያ ሥራ አስኪያጅ ደውሎ «ውላችንን እናቋርጣለን» ቢል የሚደነግጥ የለም። የፈረንሳዩ ለ ካናር አንሼኔ ከዚህም ይብሳል፤ በ1915 የተቋቋመ ሳምንታዊ ነው፣ ማስታወቂያ የሚባል ነገር አይቀበልም። የመካከለኛው አፍሪካው ገዥ ቦካሳ ለፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ዢስካር ዴስታን አልማዝ መስጠቱን በ1979 ያጋለጠው እሱ ነው። በ2017 ደግሞ ፕሬዚዳንትነቱ በእጁ ገባ የተባለለት ፍራንሷ ፊዮን ለሚስቱ በፓርላማ ረዳትነት ስም ደመወዝ ሲያስከፍል መኖሩን ጻፈ፤ ሰውየው በመጀመሪያው ዙር ተሸነፈ፣ በ2020 ፍርድ ቤት ጥፋተኛ አለው። በ1973 የአገሪቱ የደኅንነት ሰዎች የቧንቧ ሠራተኛ መስለው የጋዜጣው አዲስ ቢሮ ውስጥ መጥለፊያ ሊቀብሩ ሲሞክሩ ተይዘዋል። ለቀልድ ጋዜጣ እንዲህ ያለ ድካም አይደከምም።

ነገሩ ዋጋ ያስከፍላል፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ አንባቢን ማታለል ይሆናል። የእንግሊዝ የስም ማጥፋት ሕግ ለከሳሽ ያደላ ሆኖ ኖሯል። በ1976 ጄምስ ጎልድስሚዝ የተባለው ባለሀብት ፕራይቬት አይ ላይ ከ60 በላይ ክስ አዥጎደጎደ፤ መጽሔቱን ብቻ ሳይሆን አከፋፋዮቹን ጭምር ነው የከሰሰው። አንባቢዎች ገንዘብ አዋጥተው ነው የደገፉት። በ1986 የጋዜጣ ከበርቴው ሮበርት ማክስዌል ከስሶ 55,000 ፓውንድ አስፈረደበት። ከአምስት ዓመት በኋላ ማክስዌል ባሕር ላይ ሞቶ ሲገኝ፣ ከሠራተኞቹ የጡረታ ገንዘብ ከ400 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ መጉደሉ ታወቀ። ፍርድ ቤት ክቡር ያለው ሰው ያ ነበር። በ1989 ደግሞ የአንድ የታወቀ ነፍሰ ገዳይ ሚስት ከስሳ 600,000 ፓውንድ ተፈረደላት፤ ሂስሎፕ ከችሎት ወጥቶ ደረጃው ላይ ቆመና «ይኼ ፍትሕ ከሆነ እኔ ሙዝ ነኝ» አለ። ካሳው በይግባኝ ተሽሮ በስምምነት 60,000 ላይ አረፈ። ጠበቃ በደብዳቤ ሲያስፈራራቸውም ልማዳቸውን አይተዉም። በ1971 የአንድ ከሳሽ ጠበቆች «ደንበኛችን በካሳው ላይ የሚይዘው አቋም በመልሳችሁ ዓይነት ይወሰናል» ብለው ቢጽፉላቸው፣ በሕግ ቋንቋ አሽሞንሙነው እናንተ ልታትሙት የማትችሉትን ስድብ መለሱላቸው። ጉዳዩ እዚያው ቀረ፤ የእንግሊዝ ጠበቆች ያን ደብዳቤ ዛሬም በቃላቸው ይሉታል።

ስህተትም አያጣቸውም፣ ከባድ ስህተት። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የኩፍኝ ክትባት ከኦቲዝም ጋር ይያያዛል ያለውን ሐኪም አንድሩ ዌክፊልድን ደግፈው ጻፉ። ባለሥልጣን ያለውን ሁሉ መጠራጠር ልማድ ሲሆን፣ ትክክል የተናገረውንም ባለሥልጣን ወደ መጠራጠር ይወስዳል። ሐኪሙ በ2010 ከሙያው ሲሰረዝ መጽሔቱ መሳሳቱን አምኖ ጻፈ። ዘግይቷል፤ እኔ በዚህ አላዝንላቸውም። ምርመራ የሚያደርግ ፌዘኛ ከሌላው ጋዜጠኛ እኩል ማጣራት አለበት፤ «ቀልዴን ነው» ብሎ ማምለጥ አይችልም። በየዩቲዩቡና በየቲክቶኩ የሚሳለቁትን የእኛን ልጆች የምጠይቃቸውም ይህንኑ ነው። ችሎታው አላቸው። ባለሥልጣኑን በድምፁ፣ በአረማመዱ፣ በ«ማለት ነው»ው አስመስለው ያስቁናል። ሳቁ ሲያልቅ ግን ውሉ ስንት ብር ነበር፣ ጨረታውን ማን ከፈተው፣ ድርጅቱ በማን ስም ነው የተመዘገበው የሚለውን የሚያሳየን የለም። ያ የእናንተ ሥራ ነው። ካርቱኒስቱን አሰናብታችሁ ሪፖርተሩን ብቻ ስታስቀሩ ግን ሪፖርተሩ አንባቢ ያጣል።

ቀልዱ ብቻውን ምንም አያደርግም ማለቴም አይደለም። በታቸር ዘመን መጽሔቱ «ውድ ቢል» የሚል የፈጠራ ደብዳቤ ያትም ነበር፤ ጸሐፊው የጠቅላይ ሚኒስትሯ ባል ዴኒስ ነው ይባላል፣ ደብዳቤው የሚደርሰው ደግሞ ለጎልፍ ጓደኛው። አገሩ ዴኒስን የሚያውቀው በዚያ ደብዳቤ ነበር ማለት ይቻላል። ቢል የተባለውን ሰው ብዙዎቹ የዴይሊ ቴሌግራፉ አዘጋጅ ቢል ዲድስ ነው ብለው ያምኑ ነበር። (ዲድስን የእኛም አገር ታሪክ ያውቀዋል። በ1935 ጣሊያን ሊወረን ሲል ጦርነቱን እንዲዘግብ ተልኮ አዲስ አበባ የመጣው ወጣት ጋዜጠኛ ነው፤ ሩብ ቶን የሚመዝን ጓዝ ጭኖ።) ፖለቲከኛ ትችትን ይለምደዋል፤ መልስ የሚጽፍለት ቃል አቀባይም አለው። ለተረት ገጸ ባሕርይነት ግን ማስተባበያ አይወጣም።

እንግዲህ ልመናዬ ይህ ነው። ዓምዱን አታንሱት፤ ይልቅ አንድ ሪፖርተር ስጡት። ከየክፍለ ከተማውና ከየወረዳው የሚመጣላችሁን ጥቆማ፣ ዜና ለመሆን ያነሰውን ግን ሰው የተቸገረበትን፣ ሰነዱን አጣርታችሁ፣ ሳይታተም ጠበቃ አስነብባችሁ እዚያ አውጡት፤ ከጎኑ ካርቱን ይሁንበት። ቦታ የለም ካላችሁ የስፖርቱ ክፍል ለአርሰናልና ለማንቸስተር በየሳምንቱ ሁለት ሙሉ ገጽ ይሰጣል። ግማሽ ገጽ ቢቀነስለት እኔ በበኩሌ አልቀየምም፤ አርሰናሎችን ግን እናንተው አስረዷቸው።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከለንደን