የአርበኛው ሐውልት ነሐስ ተበልቶ እንዳያልቅ፦ ለአቃቂ ነዋሪዎች፣ ተወላጆችና ወዳጆች የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

የተከበራችሁ የአቃቂና የአካባቢው ነዋሪዎች፣ በአገር ውስጥም ሆነ በውጭ የምትኖሩ የሠፈራችን ተወላጆች፣

በአደባባያችን የቆመው የነሐስ አርበኛ ያለበትን ሁኔታ የእድሮቻችን ተወካዮችና ከሠፈራችን የወጡ የብረታ ብረት ሥራ ዐዋቂዎች በጋራ ተመልክተውታል። ይህ ጽሑፍ ያዩትን ለማስረዳትና ሐውልቱን ለመታደግ የሚያስፈልገውን ገንዘብ ከእናንተ ለመጠየቅ የተዘጋጀ ነው። የምንጠይቀው አዲስ ሐውልት ለማሠራት ወይም መቆሚያውን በእብነ በረድ ለማስጌጥ አይደለም፤ ያለውን በሚገባ አጥቦና አድርቆ በሰም ለመሸፈን፣ ከዚያም ይህንኑ ሥራ በየዓመቱ ሳያቋርጡ ለመድገም የሚበቃ ገንዘብ ነው።

ሐውልቱን ከአስፋልቱ ማዶ ሆኖ ለሚያየው ደኅና ይመስላል። ቀርቦ ለሚመለከተው ግን ከትከሻው ተነሥተው በጋቢው እጥፋት ላይ የሚወርዱ ፈዛዛ አረንጓዴ ሰንበሮች ይታያሉ፤ ዝናብ በማይደርስበት በብብቱና በጋሻው ሥር ደግሞ ጥላሸትና አቧራ ተጋግሮ ጥቁር ቅርፊት ሠርቷል። ከገላው የሚወርደው ውኃ የድንጋይ መቆሚያውን አረንጓዴ አድርጎታል፤ ይህም የሐውልቱ መዳብ በየክረምቱ እየታጠበ ወደ ድንጋዩ እንደሚሄድ የሚያሳይ ነው። ከአካባቢያችን የዘመቱና ያልተመለሱ ሰዎች ስም የተጻፈበት የነሐስ ሰሌዳ ይበልጥ ተጎድቷል፤ ፊደሎቹ ጥልቀት የሌላቸው ስለሆኑ የአንዳንዶቹ ስም የሚነበበው በጣት እየተዳሰሰ ነው። ዝገት ከነሐስ ላይ አስቀድሞ የሚወስደው እንዲህ ያለውን ስስ ነገር፣ ማለትም ፊደሉን፣ የዓይኑን ሽፋሽፍትና የጥለቱን ጥልፍ ነው። ያ ከጠፋ በኋላ የሚመልሰው ጥገና የለም።

ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበን በግራ ተረከዙ አጠገብ ያለው ነው። እዚያ ላይ በጣት ሲነኩት የሚረግፍ ነጣ ያለ አረንጓዴ ዱቄት አለ። ቢጠርጉት ከጥቂት ቀናት በኋላ ተመልሶ ይወጣል፤ ከሥሩም በመርፌ የተወጋ የሚመስሉ ጥቃቅን ጉድጓዶች ይታያሉ።

ይህ ለምን እንደሚሆን ማስረዳት ይገባናል፤ ምክንያቱም የገንዘቡ አስፈላጊነት የሚገባው ምክንያቱ ሲታወቅ ነው። ነሐስ በዋናነት የመዳብና የቲን ቅይጥ ሲሆን፣ ለሐውልት በሚውለው ላይ ብዙ ጊዜ ዚንክና እርሳስም ይጨመርበታል። አየር ሲያገኘው በመጀመሪያ ኩፕራይት የሚባል ቀይ ቡናማ የመዳብ ኦክሳይድ ሽፋን ይለብሳል። ይህ ሽፋን መልካም ነው፤ ጥቅጥቅ ብሎ እስከተያያዘ ድረስ ከሥሩ ያለውን ይጠብቃል፤ ብዙዎቻችን ነሐስ አይዝግም እየተባልን ያደግነውም በዚህ ምክንያት ነው። ነገር ግን ነዳጅ ሲቃጠል የሚወጣው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ከእርጥበት ጋር ተገናኝቶ አሲድ ይሆንና ሽፋኑን ብሮካንታይት ወደሚባል አረንጓዴ ሰልፌት ይለውጠዋል። አሲዱ ሲበረታ ደግሞ አንትለራይት የሚባለው ይፈጠራል፤ ይኸኛው ውኃ በቀላሉ ስለሚያጥበው ጥበቃው ደካማ ነው። አቃቂ ከጥንት ጀምሮ የፋብሪካዎች ሠፈር መሆኗን፣ በቢሾፍቱ መንገድም ከባድ መኪና ቀንና ሌሊት እንደሚመላለስ ለምናውቅ ለእኛ ይህ አሲድ ከየት እንደሚመጣ መጠየቅ አያስፈልገንም። በበጋ የሚከማቸው አቧራም ንጹሕ አፈር ብቻ አይደለም፤ እርጥበት እየያዘ አሲዱን በነሐሱ ላይ ያቆየዋል። የርግብ ኩስም አሲድነት ስላለው ባረፈበት ቦታ ሁሉ ምልክት ይተዋል።

ተረከዙ ላይ ያለው ዱቄት ግን ከዚህ የተለየና የባሰ ነው፤ ባለሙያዎች የነሐስ በሽታ ይሉታል። መነሻው ክሎራይድ፣ ማለትም በጨው ውስጥ የሚገኘው የክሎሪን መልክ ነው። ክሎራይድ ከመዳቡ ጋር ተዋሕዶ በነሐሱ ውስጥ ይደበቃል፤ እርጥበትና ኦክስጅን ሲያገኝ ወደ አረንጓዴ ዱቄት ይለወጥና ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይለቃል፤ አሲዱ ደግሞ ገና ያልተነካውን መዳብ ይበላና ሌላ ክሎራይድ ይፈጥራል። ዑደቱ ራሱን እየደገመ ስለሚሄድ እርጥበት እስካልተከለከለ ድረስ በራሱ አይቆምም። በባሕር ዳርቻ ባሉ ከተሞች ክሎራይድ ከባሕር ጨው ይመጣል። እኛ ከባሕር ርቀን ሳለ ይህ እንዴት ደረሰብን ብለን ጠይቀን ነበር፤ ሁለት ምክንያት አግኝተናል። አንደኛው ከሐውልቱ ጀርባ ባለው ክፍት ቦታ መዳቡን ለመሸጥ ሲባል የኤሌክትሪክ ሽቦ መቃጠሉ ነው፤ የሽቦው ላስቲክ በአብዛኛው ፒቪሲ ስለሆነ ሲቃጠል የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጋዝ ይለቃል። ሁለተኛው በበዓል ዋዜማ ሐውልቱ በበረኪና መታጠቡ ነው። ሚያዝያ 27 የአርበኞች ቀን ሲቃረብ በበጎ ፈቃድ ተነሥተው፣ መሰላል ተውሰው፣ በረኪናና የብረት ሽቦ ይዘው ሲያጥቡ የዋሉትን ወጣቶች ማንም ሊወቅሳቸው አይገባም፤ ያደረጉት ሐውልቱን ስለሚወዱ ነው። ነገር ግን በረኪና የክሎሪን ውሕድ ነው፣ ሽቦውም ጠባቂ የሆነውን ሽፋን ይፍቃል፤ ስለዚህ ከእንግዲህ ማንም በእነዚህ እንዳያጥበው አጥብቀን እንለምናለን። የአበባ ጉንጉንም በብረት ሽቦ ታስሮ በክንዱ ላይ ከሚንጠለጠል በመቆሚያው ሥር ቢቀመጥ ለሐውልቱ ይሻለዋል።

በውስጡም ችግር አለ። ሐውልቱ ባዶ ቀፎ ሲሆን የሚያቆመው የብረት አጽም ነው፤ ብረትና ነሐስ በእርጥበት ውስጥ ሲነካኩ ብረቱ በፍጥነት ይዝጋል፤ ዝገቱም ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ቀፎውን ከውስጥ ይገፋዋል። በኒው ዮርክ ያለው የነጻነት ሐውልት የደረሰበት ይኸው ነበር፤ ከመዳብ የተሠራው ልብሱ ከብረት አጽሙ ጋር ተነካክቶ አጽሙ ክፉኛ በመዛጉ እ.ኤ.አ. በ1986 በተጠናቀቀው ጥገና የውስጥ ብረቶቹ በማይዝግ ብረት ተተክተዋል። በእኛ ሐውልት ላይ ደግሞ መቆሚያው ሲለሰን ከእግሩ ሥር የነበረው የውኃ መውጫ ቀዳዳ በሲሚንቶ ተደፍኗል፤ በስፌቱ የገባው ዝናብ መውጫ ስለሌለው እዚያው ይተኛል። ቀዳዳውን መክፈት ትንሽ ሥራ ነው፤ ከሚሠራው ሁሉ ግን ከፍተኛውን ጥቅም የሚሰጠው እርሱ ሳይሆን አይቀርም።

ሐውልት በአገራችን ክብሩ ትልቅ ነው። በ1923 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል ዋዜማ የተመረቀውን የዳግማዊ ምኒልክን ሐውልት ፋሺስቶች ከቦታው አንሥተው ቀብረውት እንደነበር፣ ከነጻነት በኋላም ተመልሶ እንደቆመ ሁላችንም እናውቃለን። የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ወደ ሮም ተወስዶ ከብዙ ዓመታት በኋላ ተመልሷል። የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት በ2005 ዓ.ም. ለባቡር መንገድ ሥራ ሲነሣ ስንቱ ሰው እንደተጨነቀ፣ በ2008 ዓ.ም. ሲመለስም እንዴት እንደተደሰተ እናስታውሳለን። ጠላት ሲወስደው ወይም ማሽን ሲያነሣው ሁሉም ያያል፣ ሁሉም ይጮኻል። ዝገት ግን ድምፅ ሳያሰማ ስለሚወስድ የሚጮኽለት አይኖርም። በሮም ካፒቶል አደባባይ ለዘመናት በፈረስ ላይ ተቀምጦ የኖረው የማርከስ ኦሬሊየስ የነሐስ ሐውልት ስንት ወረራና ጦርነት አልፎ የከተማው የተበከለ አየር ስለጎዳው እ.ኤ.አ. በ1981 ለጥገና ከአደባባዩ ተነሥቷል፤ አሁን ዋናው በሙዚየም ውስጥ ሲሆን በአደባባዩ ላይ ያለው ቅጂው ነው። እኛ ሙዚየምም፣ ቅጂ የምናሠራበት አቅምም የለንም፤ ያለን ይኸው አንዱ ነው።

ሥራው የሚከናወነው ከመስቀል በኋላ፣ ዝናቡ አቁሞ ነሐሱ በሚገባ ሲደርቅ፣ በጥቅምትና በኅዳር ነው። አስቀድሞ ሐውልቱ ከሁሉም ጎን ፎቶ ይነሣል፤ ጉዳቱም በወረቀት ይመዘገባል። ከዚያ በለስላሳ ብሩሽ፣ በቀላል ሳሙናና በብዙ ውኃ ይታጠባል፤ የመጨረሻው ማለቅለቂያ የተጣራ ውኃ ይሆናል። የታመመው ተረከዝ ዱቄቱ በጥንቃቄ ከተነቀለ በኋላ በቤንዞትራያዞል ይታከማል፤ ይህ ኬሚካል ከመዳብ ጋር ተያይዞ ስስ መከላከያ የሚሠራ ሲሆን፣ ለጤና ጥንቃቄ ስለሚያስፈልገው የሚነካው ባለሙያ ብቻ ነው። በመጨረሻ ነሐሱ በጋዝ እሳት ሞቅ እየተደረገ ማይክሮክሪስታላይን የሚባለው ከነዳጅ ዘይት የሚገኝ ሰም በብሩሽ ይቀባል፤ ሰሙ ቀልጦ ወደ ቀዳዳዎቹ ሲገባ እርጥበትና አሲድ የሚገቡበትን ይዘጋል። ሲቀዘቅዝ ሁለተኛ ተቀብቶ በጥጥ ጨርቅ ይወለወላል።

አንድ የተከበሩ አባት ንጹሕ የማር ሰም በነጻ እንሰጣለን ብለውን ነበር፤ ልግስናቸውን ከልብ እያመሰገንን ያልተቀበልነው የማር ሰም በውስጡ ያለው አሲድ ከመዳብ ጋር ተዋሕዶ ራሱ አረንጓዴ ስለሚያወጣ ነው። የወርቅ ቀለም ይቀባ የሚል ሐሳብም በተደጋጋሚ ቀርቧል። ቀለም ጥልፉንና ፊደሉን ይደፍናል፤ በተሰነጠቀበትም ውኃ እየገባ ነሐሱን ከሥሩ ሳይታይ ያስበላዋል፤ ስለዚህ ኮሚቴው በዚህ ላይ አይደራደርም። ኢንክራላክ የተባለው አክሪሊክ ቫርኒሽ ጥሩ መከላከያ እንደሆነ እናውቃለን፤ ነገር ግን ዘመኑ ሲያልፍ በጠንካራ ማሟሟያ ተነቅሎ እንደገና መቀባት ስላለበት ለእኛ አቅም አይመችም። ሰምን ግን የራሳችን ልጆች ከሠለጠኑ በየዓመቱ ሊያድሱት ይችላሉ፤ በማንኛውም ጊዜም ሊነሣ ይችላል።

በየዓመቱ የሚለው ቃል እንዳይረሳብን እንለምናለን። እናቶቻችን አዲስ ምጣድ አንድ ጊዜ በጎመን ዘር አሟሽተው እንደማይተዉት፣ እንጀራ በተጋገረ ቁጥር እንደሚያስሱት ሁሉ፣ ሰምም ዝናብና ፀሐይ ስለሚበሉት መታደስ አለበት። መታደሻው መድረሱን ማንም ሊያውቅ ይችላል፦ ውኃ ሲረጩበት እየተንከባለለ ከወረደ ሰሙ አለ፤ ተዘርግቶ ነሐሱን ካጠቆረው ሰሙ አልቋል።

ለመጀመሪያው ሥራ፣ ማለትም ለባለሙያ ክፍያ፣ ለመወጣጫ፣ ለሰምና ለኬሚካል፣ የዛጉትን የሰሌዳ ቡሎኖች በሮንዴላ ተለይተው ነሐሱን በማይነኩ የማይዝግ ብረት ቡሎኖች ለመተካትና የውኃ መውጫውን ለመክፈት 480,000 ብር ያስፈልጋል። ለየዓመቱ እጥበትና ሰም 60,000 ብር፣ የሦስት ዓመቱ 180,000 ብር ይሆናል። ከጠቅላላው 660,000 ብር ውስጥ እድሮቻችን 90,000 ብር አዋጥተዋል፤ የቀረው 570,000 ብር ነው። የሦስቱ ዓመት ገንዘብ በተለየ ሒሳብ ተቀምጦ ለሌላ ጉዳይ እንዳይወጣ በቃለ ጉባኤ ተወስኗል። ለእብነ በረድና ለአጥር ብቻ እንዲውል ታስቦ የቀረበልን ስጦታም ነበር፤ የሚታይ ነገር መስጠት ደስ እንደሚል እንረዳለን፤ ነሐሱ እየተበላ መቆሚያውን ማስጌጥ ግን ትክክል ሆኖ ስላላገኘነው ስጦታው ለሰሙ እንዲዞር ጠይቀናል።

ሐውልቱ ቅርስ እንደመሆኑ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ ሊጠገን አይችልም። የሥራውን ዝርዝር አያይዘን ለሚመለከተው የቅርስ አካል ጥያቄ አቅርበናል፤ ፈቃዱ በጽሑፍ ሳይደርሰን ማንም እጁን በሐውልቱ ላይ አያሳርፍም።

ከእያንዳንዱ ቤተሰብ 500 ብር፣ የቻለ ከዚያ በላይ፣ ያልቻለ ደግሞ እንደ አቅሙ እንዲያዋጣ እንጠይቃለን። የባንክ ሒሳቡ ቁጥር በእድሮቻችን ጽሕፈት ቤት ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል፤ ገንዘቡ የሚወጣው በሦስት ሰዎች ፊርማ ሲሆን፣ ገቢና ወጪው በየወሩ በእድር ስብሰባ ላይ ይነበባል። የብረት መወጣጫ ያላችሁ ግንበኞች ለሁለት ሳምንት ብታውሱን የኪራይ ወጪውን ትቀንሱልናላችሁ። በሐውልቱ አጠገብ የተነሣችሁት የሠርግ፣ የምረቃ ወይም የበዓል ፎቶግራፍ ካላችሁ ደግሞ ቅጂውን ስጡን፤ የተበሉት ፊደሎችና ጥልፎች ቀድሞ ምን ይመስሉ እንደነበር የምናውቀው ከዚያ ነውና። ሰም መቀባት ለመማር የሚፈልጉ ወጣቶች ስማቸውን እስከ መስከረም መጨረሻ በእድር ጽሕፈት ቤት ያስመዝግቡ፤ ሥልጠናው የሚሰጠው በሥራው ቀናት በራሱ በሐውልቱ ላይ ነው።

የሐውልቱ ጥበቃ ኮሚቴ፣ አቃቂ