የተረፈው መስማቷም ይጠበቅላት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ሰው የማመላልስ የጀልባ ካፒቴን ነኝ። የዘጠኝ ዓመት ልጄ ወደቡ ላይ ቆማ የእኔን ጀልባ ሞተር ከሌላው ትለያለች። ከበሮ ሲመታ ቀድማ ትዞራለች። “ሳሙና” ስላት ግን “አሙና” ብላ ነው የምትመልስልኝ፤ “ሻይ” ስላት “አይ”። “ሰ” እና “ሸ” ለእሷ የሉም።

የኮክሌር ተከላ (ድምፅን በኤሌክትሪክ ወደ መስሚያ ነርቭ የሚያደርስ መሣሪያ በውስጠኛው ጆሮ መትከል) ያስፈልጋታል ሲባል አንድ ባለሙያ ዘንድ ሄጄ፣ ያለችውን መስማት ቀዶ ሕክምናው ይጎዳባት እንደሆነ ጠየቅሁት። “ድሮም አትሰማ፣ ምን ይቀርባታል?” አለኝ። ትሰማለች እኮ!

ሌላ ሐኪም፣ እግዜር ይስጠው፣ የምርመራ ወረቀቷን ዘርግቶ አሳየኝ። መስመሩ ወፍራም ድምፅ ላይ ደህና ይመጣና ቀጭኑ ላይ ሲደርስ ገደል ይገባል። ውስጠኛው ጆሮ እንደ ቀንድ አውጣ ሁለት ዙር ተኩል ገደማ የተጠመዘዘ፣ ፈሳሽ የሞላው ቦይ ነው አለኝ፤ ቀጭን ድምፅ የሚሰማው መግቢያው አካባቢ፣ ወፍራሙ ወደ ጫፉ ነው። ኤሌክትሮዱ፣ ማለትም ወደ ጆሮው ውስጥ የሚገባው የመሣሪያው ቀጭን ሽቦ፣ በመግቢያው በኩል በጥንቃቄ ከገባ የጫፉ መስማት ሊተርፍ ይችላል፤ ከዚያ ወፍራሙ ጆሮ ላይ በሚደረግ የመስሚያ ማጉያ፣ ቀጭኑ በኤሌክትሮዱ እየተደገፈ በአንድ ጆሮ አብረው ይሠራሉ። በኃይል ከተገፋ ግን ስሱን ሽፋን ይቀድዳል፣ ፈሳሹን ያናውጣል፣ ጠባሳ ይተዋል። ይህ ለእኔ ቶሎ ገባኝ። በፍጥነት ያለፈ ጀልባ የደንገል ታንኳን ሳይነካው በማዕበሉ ብቻ ሊገለብጠው ይችላል።

ጀርመናዊው ሐኪም ኤርንስት ሌንሃርት ስለ “ለስላሳ ቀዶ ሕክምና” የጻፉት በ1993 እ.ኤ.አ. ነው፤ አዲስ ነገር አይደለም። ዛሬ ሐኪሞች ከተቻለ “ክብ መስኮት” በሚባለው፣ በስስ ሽፋን በተዘጋው የውስጠኛው ጆሮ ቀዳዳ በኩል ይገባሉ፤ የአጥንት ብናኝና ደም ወደ ውስጥ እንዳይዘልቅ ይጠነቀቃሉ፤ ፈሳሹን በመምጠጫ አይስቡም፤ ተጣጣፊውን ኤሌክትሮድ ቀስ ብለው ያስገባሉ፤ የቁስሉን ቁጣ ለማብረድም እንደ ዴክሳሜታዞን ያለ መድኃኒት ይሰጣሉ።

ሐኪሙ ዋስትና አልሰጠኝም። ሥራው አምሮም መስማቷ ከወራት በኋላ ሊቀንስ እንደሚችል ነግሮኛል፤ ተቀብያለሁ። ቢቀንስ እንኳ ውስጡ ያልቆሰለ ጆሮ መሣሪያው አንድ ቀን ሲበላሽ ሌላ ለመተካት ይመቻል። ልጅ ናት፣ ገና ብዙ ዕድሜ አላት።

እናንተም ስለ ተከላ ስትዘግቡ መሣሪያው መገኘቱን ብቻ አትንገሩን። የልጆቹ መስማት ከቀዶ ሕክምናው በፊትም በኋላም ተለክቶ ውጤቱ ለወላጅ ይሰጥ እንደሆነ ጠይቁልን። ወላጆችም፣ እባካችሁ፣ “ምን ያህል ተርፎላታል? እንዴትስ ትጠብቁላታላችሁ?” ሳትሉ አትፈርሙ።

እኛ ሰኞ ለቀጠሮ አዲስ አበባ እንሄዳለን። ወረቀቷን ውኃ እንዳይነካው በፌስታል ጠቅልዬ አስቀምጫለሁ።

የአንዲት ልጅ አባት፣ ከባሕር ዳር