ቆጣሪው ጉድጓዱ አፍ ላይ ይተከል

ለኢነርጂ ሚኒስትር

ክቡር ሚኒስትር፣

ከባዮማስ (ከገለባ፣ ከሰጋቱራና ከመሳሰለው የተክል ተረፈ ምርት) ሃይድሮጅን ለሚያመርቱ ፋብሪካዎች ድጎማ እንዴት ይከፈል የሚለውን መመሪያ ከመፈረምዎ በፊት አንድ ነገር ልለምንዎት። ገንዘቡ በተመረተው ሃይድሮጅን ኪሎ ብቻ አይታሰብ። መሬት ውስጥ በተቀበረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቶን ይታሰብ።

ለምን እንዲህ እንደምል ለማስረዳት ወደ ፋብሪካው ልግባ። ገለባ፣ ሰጋቱራ ወይም ብጥስጣሽ እንጨት በመጀመሪያ ይደርቃል። ከዚያ ከ700 እስከ 1000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚደርስ ሙቀት ውስጥ ይገባል። እንደ ልቡ እንዲነድ ግን አይፈቀድለትም፤ ኦክስጅን በቁጥቁጥ ይሰጠዋል፣ እንፋሎት ይጨመርለታል። ስለዚህ አይቃጠልም፤ ጋዝ ይሆናል። ጋዙ ውስጥ ሃይድሮጅን፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ጥቂት ሚቴን አለ። ካርቦን ሞኖክሳይዱ እንደገና ከእንፋሎት ጋር ካታሊስት (የኬሚካል ለውጡን የሚያፋጥን ነገር) ላይ ሲያልፍ ሌላ ሃይድሮጅንና ሌላ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሰጣል።

ዋናው ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። ንጹሕ ሃይድሮጅን የሚፈልግ ሰው ካርቦን ዳይኦክሳይዱን መለየቱ አይቀርም። ወደደም ጠላም ይለየዋል። ከተለየ በኋላ ግን ሁለት መንገድ አለ፤ ጨምቆ ወደ ማከማቻ ጉድጓድ መላክ ወይም ቫልቭ ከፍቶ ወደ ሰማይ መልቀቅ። ፋብሪካው ያው ፋብሪካ ነው። ሃይድሮጅኑም ያው ነው። በር ላይ ቆሞ ኪሎ የሚመዝን ተቆጣጣሪ ልዩነቱን በጭራሽ አያየውም።

ልዩነቱ ደግሞ ትንሽ አይደለም። ደረቅ እንጨት በክብደቱ ግማሽ ያህሉ ካርቦን ነው። በአንድ ቶን ደረቅ እንጨት ውስጥ ያለው ካርቦን በሙሉ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቢለወጥ 1.8 ቶን ገደማ ይሆናል። ከዚያው ቶን የሚገኘው ሃይድሮጅን ብዙውን ጊዜ 100 ኪሎ አይሞላም። እንግዲህ በክብደት ካየነው ዋናው ምርት ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ነው፤ ሃይድሮጅኑ ምርቃት ነው ማለት ይቻላል። ያ ካርቦን ተክሉ ከአየር የሳበው ስለሆነ፣ ሲቀበር ከአየር ላይ ተቀንሶ ይቀራል። ከተፈጥሮ ጋዝ በሚመረት ሃይድሮጅን ይህ አይገኝም። ያኛው ካርቦኑ ቢያዝለት እንኳ ጉዳቱ ይቀንሳል እንጂ ከአየር ላይ የሚያነሳው ነገር የለም።

ሥራው የዋዛ ነው እያልኩዎት አይደለም። ከጋዙ ጋር ታር የሚባል ነገር ይወጣል። ጋዙ ሲቀዘቅዝ ታሩ ጥቁር ዝፍት ሆኖ ቧንቧው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፣ ማጣሪያ ይደፍናል፣ ቫልቭ ያጣብቃል። ያኔ ማሽን ቆሞ ፍቂያ ነው። ገለባ ሲሆን ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፤ በውስጡ ያለው ፖታሲየም አመዱን ቶሎ ያቀልጠውና ሙቀት እንዲያዳርስ ምድጃው ውስጥ የተጨመረውን አሸዋ አንድ ላይ ያጋግረዋል። በስዊድን ጎተንበርግ ጎቢጋዝ የሚባለው ፋብሪካ ከደን ተረፈ ምርት ጋዝ ሠርቶ ሚቴን ያመርት ነበር። ቴክኖሎጂው እንደሚሠራ አሳየ። ሒሳቡ ግን አልወጣለትምና እ.ኤ.አ. በ2018 ቆመ። ድጎማ ያስፈልጋል የምለውም ለዚህ ነው። ግን ለየትኛው ሥራ?

ባለሀብቶች ጉድጓዱ በኋላ ይደርሳል ማለታቸው አይቀርም። ይድረስ። ሲደርስ ይከፈላቸው። መቅበር ይቻላል ወይ ከተባለ፣ በኖርዌይ ስላይፕነር በሚባለው የጋዝ መስክ ከእ.ኤ.አ. 1996 ጀምሮ ከተፈጥሮ ጋዝ የተለየ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሰሜን ባሕር ወለል በታች ሲቀበር ኖሯል። በአይስላንድ ደግሞ ከውኃ ጋር ባዛልት በሚባል የእሳተ ገሞራ አለት ውስጥ ገብቶ በሁለት ዓመት ገደማ አብዛኛው ድንጋይ ሆኗል። ለለስላሳ መጠጥ የተሸጠውን ግን ቀበርን እንዳይሉዎት። ጠርሙሱ ሲከፈት ተመልሶ አየር ላይ ነው።

ስለዚህ ቆጣሪው ጉድጓዱ አፍ ላይ ይተከል። የገባው ጋዝ መጠንና ንጽሕና እዚያ ይለካ። ለማድረቂያ፣ ለመጭመቂያና ለጭነት መኪና የነደደው ነዳጅ ልቀት ከዚያ ላይ ይቀነስ። የተጣራው ቶን ብቻ ይከፈል።

ስለ ጥሬ ዕቃውም አንድ አንቀጽ ያስገቡ። ቆሞ ያለ ዛፍ ለዚህ ሥራ አይቆረጥ፤ ተመልሶ እስኪያድግ አሥርት ዓመታት ይፈጃል፣ እስከዚያ ድረስ ሒሳቡ እዳ ነው። ገለባም ቢሆን ተጠራርጎ አይነሳ። አፈሩም ድርሻ አለው።

የጉድጓድ ውል ሳይዝ ለሚመጣ አመልካች የካርቦን ክፍያ የሚፈቅድ አንቀጽ ረቂቁ ውስጥ ካለ፣ እባክዎ ከመፈረምዎ በፊት ይሰርዙት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የኬሚካል መሐንዲስ