ለደንበኞቻችን፦ የሪሲቨሩን ቁጥር ለምን እናንተ እንድታስተካክሉት አደረግን

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰላምታችን ባላችሁበት ይድረሳችሁ። ባለፉት ሦስት ሳምንታት ብዙዎቻችሁ ደውላችሁልናል። አንዳንዶቻችሁ የደወላችሁት ተቆጥታችሁ ነው። አዲሱ የአጭር ሞገድ ሬዲዮ ሪሲቨር ሲደርሳችሁ እንደ ድሮው የማስተካከያ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት አልተለጠፈበትም። ሁሉ ነገር ተሞልቶ ይመጣበት የነበረው ፍላሽም ካርቶኑ ውስጥ የለም። ዋጋው ደግሞ ከ74 ዶላር ወደ 89 ዶላር ወጥቷል። አንድ የቆዩ ደንበኛችን "ገንዘቡን ጨምራችሁ ሥራውን እኛ ላይ ጣላችሁት" አሉኝ። ይህ ቃል ከልቤ አልወጣ ብሏል። የምጽፍላችሁም ለዚህ ነው።

በመጀመሪያ ይቅርታ። ዕቃው ከመላኩ በፊት ለውጡን ልንነግራችሁ ይገባ ነበር። አልነገርናችሁም። ጥፋቱ የእኛ ነው።

ውሳኔውን ግን ጥፋት ነው ብዬ አልቀበልም። ምክንያቴን ስሙኝ።

እንደምታውቁት እኛ የምንሸጠው ሬዲዮ መርፌና ቁልፍ የለውም። ትንሽ ዶንግል ነው፤ ላፕቶፕ ላይ ይሰካል፤ ቀሪውን ሶፍትዌሩ ይሠራል። ዶንግሉ ብቻውን ከ24 ሜጋ ኸርዝ በታች በደንብ አይሰማም። አጭር ሞገድ ያለው ደግሞ ከዚያ በታች ነው። ስለዚህ ሳጥኑ ውስጥ አፕኮንቨርተር አለ። የሚመጣውን ሁሉ 125 ሜጋ ኸርዝ ከፍ አድርጎ ለዶንግሉ ያቀብለዋል። በ10 ሜጋ ኸርዝ የሚያስተላልፍ ጣቢያ ለዶንግሉ በ135 ላይ ይደርሰዋል ማለት ነው። ስክሪኑ ላይ 135,000,000 አይታችሁ "ተበላሽቷል" ያላችሁን፣ አልተበላሸም። ኤስዲአር ሻርፕ በሚባለው የሬዲዮ ሶፍትዌር ላይ "ሺፍት" በሚለው ሳጥን ውስጥ -125,000,000 አስገቡ፤ የመቀነሷን ምልክት አትርሱ። ሌላውን ሶፍትዌር፣ ጂኪውአርኤክስን፣ የምትጠቀሙ "ኤልኤንቢ ኤልኦ" በሚለው ቦታ -125 ብላችሁ ጻፉ። ወዲያው 10,000,000 ይላል።

ይህ ቀላሉ ነው። ያጣላን ሌላው ነው።

ዶንግሉ የሚቆጥረው በአንዲት ክሪስታል ነው፤ በ28.8 ሜጋ ኸርዝ የምትርገበገብ ትንሽ ነገር ናት። ርካሿ ክሪስታል ከሚሊዮን 50 ወይም 60 ትስታለች። ፒፒኤም የሚባለው ይህ ነው። ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ስህተቷ የሚባዛው እናንተ በምትሰሙት 10 ሜጋ ኸርዝ ሳይሆን ዶንግሉ በቆመበት 135 ሜጋ ኸርዝ ነው። ክሪስታሏ 52 ፒፒኤም ከሳተች ቁጥሩ 7 ኪሎ ኸርዝ ያህል ይዛባል። አጭር ሞገድ ላይ ጣቢያዎች በ5 ኪሎ ኸርዝ ልዩነት ነው የሚደረደሩት። ስለዚህ ጎረቤቱን ጣቢያ አልፋችሁ ሄዳችኋል።

ለዓመታት ይህን ቁጥር እኛ እየለካን ሳጥኑ ላይ እንለጥፍ ነበር። እያንዳንዱን ሪሲቨር ግማሽ ሰዓት አብርተን፣ አሙቀን፣ ለክተን። የምንሠራው እኔና ባለቤቴ ነን፤ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ በቤታችን ምድር ቤት። ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ነው የምንለካው። ይህን የምላችሁ እንድታዝኑልን አይደለም። ሥራውን ጠልተን እንዳልተውነው እንድታውቁልን ነው።

ነገሩ የተገለጠልኝ ባለፈው ክረምት ነው። ሚኒሶታ የሚኖሩ አባት ደወሉ። በ31 ሜትር ባንድ በ9700 ኪሎ ኸርዝ የሚያውቁት ጣቢያ በ9707 ላይ እየታየ ነው። "ሬዲዮናችሁ ዋሸኝ" አሉ። ስንጠይቃቸው ልጃቸው አዲስ ላፕቶፕ ገዝቶላቸዋል። ሶፍትዌሩ እንደ አዲስ ሲጫን ፒፒኤሙ ወደ ዜሮ ተመልሷል። ወረቀቱስ? ተልጦ ወድቋል። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ሰው ደወለ። ሁለት ሪሲቨር ገዝቶ የአንዱን ቁጥር ለሌላው አስገብቶታል። ሦስተኛዋ ደንበኛችን ሁሉን በትክክል አድርጋለች፤ ቁጥሩ ግን አልገጠመም። የእኛ ምድር ቤት ቀዝቃዛ ነው፤ እሷ ሪሲቨሩን ያስቀመጠችው ማሞቂያው አጠገብ ነው። ክሪስታል በሙቀት ይለዋወጣል።

ያን ጊዜ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ያ ወረቀት እውነት የሆነው እኛ ቤት ብቻ ነው። እናንተ ቤት ሲደርስ ግምት ይሆናል። በእጄ ጽፌ የምልከውን ቁጥር ሰው አምኖኝ ያስገባዋል፤ ቁጥሩ ደግሞ ያሳስተዋል። ይህን ማድረግ ከበደኝ።

አባቴ ደሴ ፒያሳ ሬዲዮ ይጠግን ነበር። በልጅነቴ አጠገቡ ተቀምጬ አየው ነበር። የፊሊፕስ ሬዲዮ የመርፌው ክር ሲበጠስ አዲስ ክር ያስገባና ሬዲዮውን ይከፍተዋል። የብስራተ ወንጌልን ድምፅ ይፈልጋል። ሲያገኘው መርፌውን በጣቱ ገፍቶ ጣቢያው የሚገኝበት ቁጥር ላይ ያሳርፈዋል። ባለቤቱ ሊወስደው ሲመጣ ግን ዝም ብሎ አይሰጠውም። "ና፣ አንተ ራስህ ፈልገውና አሳየኝ" ይለዋል። በ1977 እንደ ፈረንጆቹ ያ ጣቢያ በደርግ ሲወረስ አባቴ መርፌ የሚያስተካክልበት ሌላ ጣቢያ መረጠ እንጂ መንገዱን አልቀየረም። እኔም የያዝኩት የእሱን መንገድ ነው። ሥራ ጣላችሁብን ስትሉኝ ያመመኝ ለዚህ ነው።

አሁን ያደረግነው ይህን ነው። ርካሿን ክሪስታል ትተን ሙቀትን የምታካክሰውን፣ ቲሲኤክስኦ የምትባለውን፣ አስገባን። ስህተቷ 1 ፒፒኤም ገደማ ነው። 135 ሜጋ ኸርዝ ላይ ይህ 135 ኸርዝ ነው፤ 7 ኪሎ ኸርዝ የነበረው ማለት ነው እዚህ የወረደው። ዋጋው የጨመረው በከፊል በዚህ ነው። ሌላው ቀረጥ ነው። ከቻይና የሚመጣ ከ800 ዶላር በታች የሆነ ዕቃ ድሮ ያለ ቀረጥ ይገባ ነበር። ከሜይ 2፣ 2025 ጀምሮ ያ ቀረ። እኛ ዕቃ የምናስመጣው በትንሽ በትንሹ ነው፤ መጋዘን ሞልቶ የሚጠብቅ ትልቅ ነጋዴ አይደለንም። 15 ዶላሩ ኪሳችን አልገባም። ደረሰኙን ማየት የሚፈልግ ካለ አሳያለሁ።

የቀረችውን ትንሽ ስህተት ግን እናንተ ቤት፣ በእናንተ እጅ ማስተካከል ይሻላል። ሪሲቨሩ ከሚሞቅበት ጊዜ ሌላ ሃያ ደቂቃ ቢወስድባችሁ ነው።

ሪሲቨሩን ከፍታችሁ ግማሽ ሰዓት ይሙቅ። ከዚያ በአፕኮንቨርተሩ ጎን ባለችው ማጥፊያ ሞገዱ አፕኮንቨርተሩን ዘሎ በቀጥታ ወደ ዶንግሉ እንዲገባ አድርጉና ሺፍቱን ዜሮ አድርጉ። አሜሪካ ያላችሁ የአየር ጠባይ ሬዲዮውን ፈልጉ። ከ162.400 እስከ 162.550 ሜጋ ኸርዝ ባሉት ሰባት ቦታዎች በአንዱ ታገኙታላችሁ፤ እኛ አካባቢ 162.550 ነው። ስክሪኑ ላይ የሚታየውን የጣቢያውን ምስል አጉሉትና ፒፒኤሙን አንድ አንድ እያላችሁ ቀይሩ። ጣቢያው ከቦታው ከራቀ ምልክቱን ገልብጡት፤ በፕላስ ፈንታ ማይነስ። መሃሉ ቁጥሩ ላይ ሲያርፍ በቃ።

ከዚያ አፕኮንቨርተሩን መልሱት፤ ሺፍቱንም -125,000,000 አድርጉ። ደብሊውደብሊውቪን በ10 ሜጋ ኸርዝ ፈልጉ፤ ካልተሰማ በ5 ወይም በ15 ሞክሩ። ኮሎራዶ፣ ፎርት ኮሊንስ የሚገኝ የመንግሥት የሰዓት ጣቢያ ነው። በየሴኮንዱ ቲክ ይላል፤ በየደቂቃው አንድ ወንድ ሰዓቱን ይናገራል። ከጎንና ከጎኑ ትንንሽ መስመሮች አሉ፤ እናንተ መሃል ያለውን ረጅሙን ያዙ። እሱ 10,000,200 ላይ ከታየ ሺፍቱን -125,000,200 አድርጉት። ያቺ 200 የአፕኮንቨርተሩ የራሱ ስህተት ናት። በፒፒኤም አትንኳት፤ ከነካችኋት የቅድሙ ይበላሻል።

አንድ ደንበኛችን በ60 ኸርዝ ልዩነት ሪሲቨሩን መልሶልናል። ወንድሜ፣ በአብዛኛው ሶፍትዌር ፒፒኤም በሙሉ ቁጥር ብቻ ነው የሚሄደው። ከአንዱ ወደ ሌላው ስትዘል 135 ኸርዝ ትዘላለህ። 60 መቅረቷ ጉድለት አይደለም፤ በሺፍቱ ታወጣታለህ። ዕቃህን ዛሬ መልሰን ልከንልሃል፤ የመላኪያውን እኛ ችለናል።

ከዚህ በኋላ "ቁጥሩ አይገጥምም" ተብሎ የሚመለስ ሪሲቨር ከመቀየራችን በፊት በስልክ አብረን እናስተካክላለን። ቅዳሜ ከሰዓት እስከ ማታ ስልኩን እኔ ራሴ አነሳለሁ፤ በአማርኛ፣ ቀስ ብለን። አንዳንዶቻችሁ ሱቁን ከከፈትንበት ቀን ጀምሮ አብራችሁን ናችሁ። ለወላጆቻችሁ የገዛችሁም አላችሁ፤ እነሱን ራሳቸውን አገናኙኝ፣ ከእነሱ ጋር እሠራለሁ። በዚህ የተነሳ ብትተዉን በጣም ነው የምናዝነው።

ባለ አሮጌ ክሪስታል ሪሲቨር ያላችሁ ከፈለጋችሁ ላኩት። በክፍሉ ዋጋ ብቻ እንቀይርላችኋለን፤ የእጅ አንጠይቅም።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንዲት ካርድ አለች። ድሮ እኛ እንጽፍበት የነበረው ቦታ አሁን ባዶ ነው፤ ለፒፒኤም፣ ለሺፍትና ለቀኑ። ስታስተካክሉ በራሳችሁ እጅ ጻፉበትና ሳጥኑ ሥር ለጥፉት። ላፕቶፕ ስትቀይሩ ይጠቅማችኋል።

ከአክብሮት ጋር፣
የሱቁ ባለቤት፣ ከባለቤቴ ጋር
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ