ስትነሣ ልበሰው

አሌክሳንድርያ፣ ቨርጂኒያ
ሚያዝያ 5 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሥራ ይዞህ ለፋሲካ አለመምጣትህ እናትህን ከፍቷታል፤ አልነገረችህም እንጂ። ድርሻህን ዶሮ ከነዕንቁላሉ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጣልሃለች።

ትናንት ማዕድ ላይ እያለን እህትህ የላክህላትን ፎቶ አሳየችን። ከራስ እስከ እግር ዥንጉርጉር የጫካ ልብስ ለብሰህ፣ ፊትህን በመረብ ሸፍነህ፣ ዓይንህ ብቻ ሲታይ። ቅዳሜ ከአማትህ ጋር ተርኪ የሚሉትን ትልቅ የዱር ወፍ ልታድን እንደምትሄድ ነገረችን። ከፎቶው ሥር የጻፍክላትንም አነበበችው፤ «ብርቱካንማውን ሰደርያ ልልበስ ወይስ ይቅርብኝ? አባባ እንዳይሰማ።» ሁሉም ሳቁ። እኔ ተነሥቼ ወደ በረንዳ ወጣሁ። እናትህ ተከትላኝ መጥታ እጄን ያዘችኝ፤ ምን እንደሆንኩ እሷ ታውቃለች። አንተ አታውቅም። ይህን በስልክ መናገር ስለማልችል ነው የምጽፍልህ። ያልገባህ ቃል ካለ እህትህን ጠይቅ፤ ካነበብከው በኋላም ለባለቤትህ ንገራት።

አትሂድ አልልህም። አማትህ ጨዋ ሰው ነው፤ እንደ ልጁ ቆጥሮህ የሚወደውን ነገር ሊያሳይህ ነው የሚወስድህ፣ እንቢ ማለት ነውር ነው። የአደን ትምህርቱን ጨርሰህ ፈቃድ ማውጣትህንም ሰምቻለሁ፤ ጎበዝ። የምለምንህ አንድ ነገር ነው፤ ብርቱካንማውን ሰደርያ ቁጭ ስትል አውልቀው፣ ስትነሣ ልበሰው።

አማትህ 40 ዓመት ሲያድን ለተርኪ ብርቱካንማ ለብሶ እንደማያውቅ ለእህትህ ጽፈሃል። ሰውየው የሚያውቀውን ነው የተናገረው። እኔም ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም፤ ከሥራ ባልደረቦቼ አንዱ እዚሁ ቨርጂኒያ የሸናንዶዋ ሸለቆ ተወላጅ ነው፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ያድናል፤ ዛሬ በምሳ ሰዓት ቁጭ አድርጌ ጠየቅሁት። አጋዘን ብርቱካንማውን ቀለም ከቅጠሉ አይለየውም አለኝ። ለዚህ ነው በአጋዘን ወቅት ጠመንጃ የያዘ ሁሉ ለሌላው አዳኝ እንዲታይ ብርቱካንማ፣ በፈረንጆቹ ከ2017 ወዲህ ደግሞ ብርቱካንማ ወይም ደማቅ ሮዝ እንዲለብስ የቨርጂኒያ ሕግ የሚያስገድደው። ተርኪ ግን ቀለም አጥርቶ ያያል። ዓይኖቹ በራሱ ግራና ቀኝ ስለሆኑ አንገቱን ትንሽ ዘወር ካደረገ ዙሪያውን ይቃኛል። ስለዚህ በፀደይ አደን ሕጉ አያስገድድም፣ አዳኙም እንደ ጉቶ መስሎ መቀመጥ ይፈልጋል።

እስከዚህ ገባኝ። ቀጥሎ የነገረኝ ነው ያስደነገጠኝ። አዳኙ ወንዱን የሚጠራው እንደ ሴቷ እየጮኸ ነው አለኝ፤ በቾክ የታሸ የእንጨት ሳጥን እያፋጨ ወይም በአፉ ስስ ላስቲክ ይዞ። አስበው እንግዲህ። ዛፍ ሥር ተሸሽገህ እንደ ተርኪ የምትጮኸው አንተ ነህ። ልብስህ ቅጠል ይመስላል፣ ድምፅህ ወፍ ይመስላል። ከኮረብታው ማዶ ያለው ሌላው አዳኝ አንተን የሚያውቅበት ምን ቀረው? የምትሄዱበት ጆርጅ ዋሽንግተን ብሔራዊ ደን የሕዝብ ነው፣ የአማትህ ጓሮ አይደለም። በዚያ ማለዳ ማን እንደገባበት አማትህም አያውቅም።

አሁን ስለ አጎትህ እግር ልንገርህ።

እናንተ የምታውቁት «ጠመንጃ ባርቆበት ነው» የሚለውን ነው። እሱም ለሰው ሁሉ የተናገረው እንዲሁ ነው፤ ተደናቅፌ ባረቀብኝ ብሎ። አልባረቀበትም። የተኮስኩት እኔ ነኝ።

ኅዳር 1965 ነው። እኔ 15 ዓመቴ፣ ወንድምጋሼ 20። ደጀን፣ ከአባይ በረሃ አፋፍ ላይ ያለውን የአያትህን ማሳ አይተኸዋል። ድኩላ ከገደሉ እየወጣ የሽምብራውን እሸት ይጨርስብን ነበር። አባታችን ለቅሶ ሄዶ ስለነበር ወንድምጋሼ ምንሽሩን ከግድግዳ አውርዶ ገና ሳይነጋ ቀሰቀሰኝ። ስንወጣ እናታችን ከመደቡ ላይ ሆና «ጋቢህን ልበስ» አለችው። ለበሰ። ማሳው ጫፍ ስንደርስ ግን አወለቀው። «ነጭ ሲያይ ይበረግጋል» አለኝና አጣጥፎ ሾላው ሥር አነጠፈልኝ። ከውስጥ የለበሰው የአባታችንን አሮጌ ካኪ ኮት ነው፤ የዚያን ወቅት ሣር ከዚያ ኮት አትለየውም። ጠመንጃውን ለእኔ ሰጠኝ፤ እሱ በታች ዞሮ ድኩላውን ሊያባርርልኝ፣ እኔ ቁጭ ብዬ ልጠብቅ።

ጠበቅሁ። ፀሐይ ገና ጫፏ ነው የወጣው፣ ዓይኔ ውስጥ ትገባለች። ጤዛው ጋቢውን አልፎ ሱሪዬን አርሶታል። ከዚያ ከግራዬ፣ እሱ ሊመጣ ከማይገባበት በኩል፣ ደረቅ ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። በክትክታው መሐል ቡናማ ነገር ዝቅ ብሎ ይንቀሳቀሳል። ልጄ፣ ጆሮውን አየሁ። ቀንዱን አየሁ። ዛሬም ዓይኔን ስጨፍን ያ ቀንድ ይታየኛል፤ ግን በዚያ ቁጥቋጦ ውስጥ ቀንድ ያለው ነገር አልነበረም። ከሌሊቱ ጀምሬ ድኩላ ስጠብቅ ስለነበር ዓይኔ የጠበቀውን ሠራልኝ። ወንድምጋሼ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር እያሠረ ነበር።

ጥይቱ ከጉልበቱ በላይ ነው የገባው። ጮኸ፣ በስሜ ጠራኝ፤ ያኔ ነው ሰው መሆኑን ያወቅሁት። ጋቢውን ከተቀመጥኩበት አንሥቼ ሮጥኩ። በእሱው ጋቢ አሠርኩለት። ደሙ በነጩ ላይ ሲሰፋ እያየሁ፣ ይህ ጨርቅ ትከሻው ላይ ቢሆን ኖሮ ብዬ አሰብኩ። እስከ ዛሬ አስባለሁ፤ 53 ዓመት ሙሉ። ሰዎቹ በቃሬዛ እስከ መኪና መንገዱ ሲሸከሙት ከንፈሩን ነክሶ ወደ እኔ ዞረና «ባረቀብኝ ነው የምለው፤ አንተ ዝም በል» አለኝ። ዝም አልኩ። አባታችን እስኪሞት ዝም አልኩ።

እናታችን ግን አንድ ቀን አልጠየቀችኝም። ከዚያ በኋላ ከቤት ለሚወጣ ሁሉ «ጋቢህን ልበስ» ማለት ጀመረች። አንተና እህትህ በስልክ ስታነጋግራችሁ «ጋቢህን ልበስ» እያለች ስትለምንህ ትስቁ ነበር፤ እዚህ ሙቀት ነው አያቴ፣ ትላት ነበር። ብርድ ፈርታ መስሎህ። እኔ ስልኩን ተቀብዬ «እሺ እማዬ፣ ይለብሳል» እላት ነበር። የምትጠይቀው እኔን እንደሆነ አውቅ ነበር።

ሌላም የምነግርህ አለ። በ2000 ዓ.ም. ለሚሌኒየሙ ሀገር ቤት ስንሄድ ዘጠኝ ዓመትህ ነበር። ግቢው ውስጥ ከአጎትህ ኋላ ኋላ እየተከተልክ አካሄዱን ስትቀዳ ልጆቹ ይስቁ ነበር፣ እሱም ራሱ ይስቅ ነበር። እኔ መጥቼ በጥፊ መታሁህ። በሕይወትህ አንድ ቀን ብቻ ነው እጄን ያነሣሁብህ። ለምን እንደሆነ ሳትረዳ እያለቀስክ አጎትህ ጉያ ውስጥ ገባህ። ያ ጥፊ የአንተ አልነበረም። ይቅር በለኝ፣ አባቴ።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ሰደርያውን አትቀመጥበት። አጣጥፈህ መኪና ውስጥም አትተወው። እኔ ጋቢው ላይ ተቀምጬ ነው የተኮስኩት። ዥንጉርጉሩን ባለኪሱን ሰደርያ እንደ አማትህ ልበስ፣ ግድ የለኝም፤ ከኋላው መቀመጫ ትራስ እንዳለው ሰምቻለሁ፣ በእሱ ተቀመጥ። ብርቱካንማውን ግን ከመኪናው ስትወርድ ከላይ ደርበው። ዛፍህ ሥር ስትደርስ አውልቀህ ከኋላ በኩል ግንዱ ላይ እሰረው፤ በዚያ የሚመጣ ሰው ያየዋል። ቦታ ልትቀይር ስትነሣ፣ ሽንት ሊያስወጣህ እንኳ ስትነሣ፣ ከመነሣትህ በፊት ልበሰው። ከሁሉ በላይ ወፉን ከጣልክ በኋላ። ያ ሰዓት ደስታ ያሳውርሃል፤ ሮጠህ ሄደህ አንሥተህ በትከሻህ ላይ ስትሸከመው ከሩቅ የሚታየው ክንፍና ጭራ ነው። ወፉን በብርቱካንማ ጨርቅ ጠቅልለው፣ አንተም ልበስ።

ያን ቀዩን የቤዝቦል ቡድንህን፣ የናሽናልስን ኮፍያ እቤት ተወው። አውቃለሁ ያለሱ እንደማትወጣ፤ ተወው። የወንዱ ተርኪ ራስ በዚህ ወቅት ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ ይሆናል፤ አዳኝ ሁሉ በዓይኑ የሚፈልገው እነዚያን ሦስቱን ነው። ነጭ ካልሲ፣ ሰማያዊ መሐረብ፣ በአንገትህ በኩል ብቅ የሚል ነጭ ካናቴራ አይኑር። ጥቁርም አትልበስ፤ ገላው ከሩቅ ጥቁር ነው።

የምትደገፍበት ዛፍ ከትከሻህ የሰፋ፣ ከራስህ የረዘመ ይሁን፤ ከጀርባ የሚመጣው ነው የማይታይህ። ሰው ሲመጣ ካየህ እጅህን አታውለብልብ፣ በሳጥኑም አትጩህ። ሳትንቀሳቀስ ድምፅህን ከፍ አድርገህ «ሰው አለ!» በል፤ በእንግሊዝኛ በል እንግዲህ፣ ግን ጮክ ብለህ። ወፉ ይሂድ።

አንተም ስትተኩስ እንደ እኔ እንዳትሆን። የሚፈቀደው በደረቱ ላይ እንደ ጢም የተንጠለጠለ ላባ ያለውን ነው ብለሃል። ያን ጢም እስክታይ፣ ወፉን ከነራሱ ከነእግሩ ሙሉውን እስክታይ ጣትህ ምላጩ ላይ አይድረስ። ድምፅ ሰምተህ አትተኩስ። ቀለም አይተህ አትተኩስ። ቅጠል ተንቀሳቅሶ አትተኩስ። እርግጠኛ ነኝ ብለህ አትመን፤ እኔ ቀንድ አይቼ ነበር።

መዥገር ብዙ ነው በዚያ ጫካ፤ ሱሪህን ካልሲህ ውስጥ ክተት፣ ማታ ስትመለስ ባለቤትህ ራስ ቅልህንና ከጉልበትህ በስተኋላ ትይልህ። ስልክህ ያለበትን ቦታ ለእህትህ ክፈትላት። ውሃ ያዝ። እናትህ ዳቦ ቆሎ ልካለች፤ ለአማትህም አካፍለው፣ በጨው የተሠራውን እንደሚወድ ታስታውሳለች።

ሰደርያውን እኔው ገዝቼ ዛሬ በፖስታ ልኬልሃለሁ፣ ሐሙስ ይደርስሃል። ከጃኬት በላይ እንዲገባልህ ትልቁን ቁጥር ነው የወሰድኩት። ለአማትህም አንድ ጨምሬያለሁ፤ ከእኔ መሆኑን ንገረው። ለምን ካለህ ይህን ሁሉ ንገረው፣ አላፍርም።

ይህን ከመጻፌ በፊት ወንድምጋሼ ጋ ደወልኩ። ለልጁ ልንገረው ወይ አልኩት። ብዙ ጊዜ ዝም አለ፤ መስመሩ የተቆረጠ መስሎኝ ነበር። ከዚያ «ቅዳሜ በስንት ሰዓት ነው የሚወጣው?» አለኝ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አደኑ እስከ ቀትር ብቻ እንደሆነ ነገርኩት። እዚያ ቀትር ሲሆን ደብረ ማርቆስ ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው። ከጫካ እንደወጣህ መጀመሪያ ለእሱ ደውል፣ ከዚያ ለእኔ። ስልኩን ይዞ ይጠብቃል።

ስትነሣ ልበሰው፣ ልጄ።

አባትህ