«ስልኩስ?» ብለን ለጠየቅን ወላጆች

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ሰሞኑን በከተማችን ስላለው የስልክ ንጥቂያ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ጉዳዩ መነሣቱ ደስ ብሎኛል። ግን ምክሩ ሁሉ ስለ ስልኩ ሆነብኝ። ለልጅ ውድ ስልክ አትግዙ፣ መንገድ ላይ እንዳያወጣ ንገሩት፣ ይላል። እኔ ደግሞ ስለ ልጁ ልጻፍ። የምኖረው ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ነው። የሦስት ልጆች እናት ነኝ። ነገሩ እኛ ቤት ገብቷል። ያጠፋነውንም ሳልደብቅ እናገራለሁ።

አምና ኅዳር ላይ ነው። መካከለኛው ልጄ ያኔ 13 ዓመቱ ነበር፤ የከሰዓት ፈረቃ ይማራል። የእኛን አገር ኅዳር የሚያውቅ ያውቀዋል። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ብርዱ አጥንት ይገባል። 12 ሰዓት ሲሆን ሰው ጋቢውን ተከናንቦ ወደየቤቱ ይጣደፋል፣ መንገዱም ጭር ይላል። ልጄ ያን ቀን ያለ ጃኬት እየተንቀጠቀጠ ገባ። አባቱ መጀመሪያ የጠየቀው «ስልኩስ?» ብሎ ነው። «ወሰዱብኝ» አለ። አባቱ በጥፊ መታው። እኔም አላስጣልኩትም። «ስንቴ ነግሬሃለሁ! ለምን አወጣኸው?» እያልኩ ጮህኩበት። ስልኩ በዕቁብ ብር የተገዛ ነው፤ ንዴታችን ካለ ምክንያት አልነበረም። ግን ልጁ በሩ ላይ እንደቆመ ነው። ጃኬቱ የት ሄደ ብሎ የጠየቀው ሰው የለም። ከንፈሩ ከውስጥ በኩል ተተርትሮ እንደነበር ያየሁት በማግስቱ፣ ቁርሱን መብላት ሲያቅተው ነው።

ከዚያ በኋላ ልጁ ዝም አለ። እኛም አለፈ ብለን ተቀመጥን። ወር ሳይሞላ ከቤት ብር መጥፋት ጀመረ። መጀመሪያ 50 ብር ጠፋ፣ ቀጥሎ 100፣ ከዚያ ለወፍጮ ያስቀመጥኩት 300 ብር። ማን እንደወሰደው ስናውቅ ወንድሙና እኅቱ ፊት «ሌባ» አልነው። ሰኞ ሰኞ ጠዋት ሆዴን አመመኝ ይላል። ትምህርት ጠልቶ ነው አልን። አንድ ማታ ትንሿ ልጄ እንጀራ ስጋግር አጠገቤ ቁጭ ብላ «እማ፣ እነዚያ ትልልቅ ልጆች ብር ካላመጣህ እኅትህን መንገድ ላይ እናገኛታለን ብለውት እኮ ነው» አለችኝ።

ልጄ ብር የሚሰርቀው እኅቱን ለማዳን ነበር። ሁለት ወር ሙሉ ብቻውን ተሸክሞታል።

ሌሊት አልጋው ላይ ሄጄ ቁጭ አልኩ። «ለምን አልነገርከንም?» አልኩት። «የዚያን ቀን ስነግራችሁ መታችሁኝ» አለ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ይህቺን መልስ ሌላ ወላጅ እንዲሰማልኝ ነው።

ነጣቂዎቹ ይህን ነገር ከእኛ ይልቅ ያውቁታል። መጀመሪያ ትንሽ ነገር ይወስዳሉ። ከዚያ ይጠብቃሉ። በማግስቱ የሚጠይቅ አባት ወይም አስተማሪ ካልመጣ፣ ይህ ልጅ ለቤተሰቡ አይናገርም ማለት ነው። ያን ጊዜ ንጥቂያው ወደ ዛቻ ይዞራል። «ነገ መቶ ብር ይዘህ ና» ይመጣል። እኛ በጥፊያችን የልጃችንን አፍ ዘጋንላቸው።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ትልቅ ሰው ሲዘረፍ ምን እንደምንል እናውቃለን። ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ቡና ይፈላል፣ «እንኳን ነፍስህ ተረፈ፤ ንብረት ይተካል» እንለዋለን። «ለምን አወጣኸው?» ብሎ የሚመታው የለም። ለልጅ ሲሆን ይህ ባህላችን የት ይሄዳል? ልጅም ተዘርፎ ሲገባ «እንኳን አንተ ተረፍክ» መባል አለበት። አስቀምጡት። ትኩስ ነገር ይጠጣ። ገላውን እዩት፤ የተመታ ልጅ ከድንጋጤው የተነሣ ሕመሙን ወዲያው ላያውቀው ይችላል። የስልኩ ነገር ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ሁለተኛው ክፉ ነገር «ወንድ ልጅ አይደለህም እንዴ? ዝም ብለህ ትሰጣለህ?» የሚለው ነው። አጎቱ እንደዚህ አለው። እኔ በአባቴ የመንዝ ልጅ ነኝ። ጀግና ሲወደስ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ግን የ13 ዓመት ልጅ ጩቤ ከያዙ ሦስት ጎረምሶች ጋር ይጋጠም የሚል ጀግንነት አላውቅም። እኛ አሁን ለልጆቻችን በግልጽ ነግረናቸዋል። ስጡ። ከዚያ መብራት ወዳለበት ሱቅ ወይም ባጃጅ ወደሚቆምበት ሩጡ። ጩኹ። በአባቴ አገር አንድ ሰው ጋራው ላይ ሆኖ ኡኡ ካለ ሽመሉን ይዞ የማይወጣ አልነበረም። ከተማ ውስጥ ግን ኡኡታ ስንሰማ መስኮት የምንዘጋ ሰዎች አለን። ልጄ ያን ቀን ጮኾ ነበር። የወጣለት የለም።

ወላጅ እውነቱን ሲያውቅ ደግሞ የሚመጣው ቁጣ ሌላ አደጋ ነው። የልጆቼ አባት ያን ሌሊት ሽመሉን አንሥቶ ወጣ። አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን በር ላይ ባይዙት ኖሮ ዛሬ የምጽፈው ደብዳቤ ሌላ ነበር። ነጣቂዎቹ 16 እና 17 ዓመት የሆናቸው ልጆች ናቸው። የአንዱን እጅ ቢሰብር ተከሳሹ እሱ ይሆናል። የእነሱ ወገን ደግሞ ተነሥቶ ይመጣል። በእኛ አገር እንዲህ የተጀመረ ጠብ ወደ ደም ሲሄድ ስንቱን አይተናል። ልጁስ? «በእኔ ምክንያት» እያለ ዕድሜውን ሙሉ ይሸከመዋል።

ወደ ፖሊስ ሄድን። ሕግ የሚያውቅ ጎረቤት መኖሩ ረድቶናል። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ በኃይል ወይም በማስፈራራት መንጠቅን እንደ ተራ ስርቆት አያየውም። ውንብድና ይለዋል፣ አንቀጽ 670 ነው፣ ቅጣቱም ጽኑ እሥራት ነው። ዛቻ ደግሞ ለብቻው በአንቀጽ 580 ወንጀል ነው። ግን ዛቻ በአቤቱታ የሚያስቀጣ ስለሆነ ተበዳዩ ካላመለከተ አይንቀሳቀስም፤ አቤቱታውም በሦስት ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። እኛ ይህን ሳናውቅ ሁለት ወር አልፎናል። «እስቲ ትንሽ እንየው» የምትሉ ወላጆች ይህን ብትይዙልኝ ደስ ይለኛል።

ከመሄዳችሁ በፊት ልጁ የሚያስታውሰውን ሁሉ በወረቀት ጻፉ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ስንት እንደነበሩ፣ ምን እንደለበሱ፣ ምን እንዳሉት። ያሉትን ቃል በቃል ጻፉት፣ አታሳምሩት። የስልኩን ካርቶን አትጣሉ፤ 15 አሃዝ ያለው መለያ ቁጥር እዚያ ላይ አለ። ካርቶኑ የሌላችሁ ዛሬውኑ በልጃችሁ ስልክ *#06# ደውላችሁ ቁጥሩን መዝግቡት። ስልኩ እንደተነጠቀ 994 ደውላችሁ ሲሙን አዘጉ። ቴሌብር የሚጠቀም ከሆነ ደግሞ በጣም ፍጠኑ። «ሦስት ሺህ አምጡና ስልኩን ውሰዱ» የሚል ሰው ቢደውል ልጁንም ሆነ ራሳችሁን ብቻችሁን አትላኩ። ለእኛም ተደውሎልናል። ለፖሊስ ነገርን እንጂ አልሄድንም።

ጣቢያ ስንደርስ አንድ ነገር አሳዘነኝ። ልጁን ሰው በተሰበሰበበት ክፍል ውስጥ አቁመው «እስቲ ተናገር» አሉት። ድምፁ ጠፋ። እኔ «ለብቻው በሌላ ክፍል ይጠየቅ፣ እኔም አብሬው ልቀመጥ» ብዬ ለመንኩ፤ እሺ አሉኝ። ወላጆች ይህን ለመጠየቅ አትፈሩ። ቤትም ውስጥ እንደዚያው ነው። ቡና ሊጠጣ የመጣ ሰው ሁሉ «እንዴት ነው የነጠቁህ?» እያለ ሲያስተርከው ልጄ ጓዳ መግባት ጀመረ። አንዴ ከተናገረ ይበቃል። ለሌላው እናት ትንገር።

ሽምግልናም መጥቶብናል። የልጆቹ ወላጆች ሽማግሌ ላኩ። ሽምግልናን አከብራለሁ፣ አባቴም ሽማግሌ ነበሩ። ግን ያ ሁሉ ሲመከር ልጄን ምን ትላለህ ያለው ሰው አልነበረም። ትልልቆቹ ጉልበት ተሳስመው፣ ይቅር ተባብለው፣ ጠላ ጠጥተው ሊሄዱ ነው። ልጁ ግን ነገም በዚያው መንገድ ይሄዳል። እኔ ተነሥቼ ይህን ተናገርኩ። ዝም እንድል የገላመጠኝ ሰው ነበር፤ አልተቀመጥኩም። አቤቱታው እንዳለ ሆኖ ዕርቁ ሌላ ነገር ጨመረልን። የልጆቹ አባቶች ልጄ ፊት ቀርበው «እኅትህን የሚነካት የለም፣ ዋስ እኛ ነን» አሉት። ልጄ ትከሻው ሲወርድ በዓይኔ አየሁት። ፖሊስ ሊሰጠው የማይችለውን ነገር ሽማግሌዎቹ ሰጡት። ስለዚህ ሽምግልናን አትግፉት። ልጁን ግን ከመካከሉ አታውጡት።

ሦስት ወላጆች ተነጋግረን አሁን በየተራ የከሰዓት ፈረቃ ልጆችን እስከ ሰፈር እንሸኛለን። ባሕር ዛፉን ጥግ ይዞ የሚሄደውን አቋራጭ ትተናል። ዋናው አስፋልት ቢርቅም ሰው አለበት። ሰባት ልጆች ሆነው ሲመጡ ድምፃቸው ከሩቅ ይሰማል። ስልኩን እስካሁን አላገኘነውም። ጃኬቱንም አዲስ ገዛንለት።

ባለፈው ሳምንት ልጄ ከትምህርት ቤት ገብቶ ቦርሳውን ሳያስቀምጥ «እማ፣ ዛሬ አንድ ልጅ ሲከተለኝ ነበር» አለኝ። ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። ቢላዋውን አስቀምጬ አጠገቤ አስቀመጥኩትና «ንገረኝ» አልኩት። የሰፈር ልጅ ነው፣ ደብተር ሊዋስ ፈልጎ ነው። ምንም አልነበረም። ግን ሁሉንም ነገረኝ።

ለዝግጅት ክፍሉ አንድ ልመና አለኝ። ኅዳርና ታኅሣሥ ቶሎ ይመሻል። የከተማችን ትምህርት ቤቶች በእነዚህ ሁለት ወራት የከሰዓት ፈረቃን ግማሽ ሰዓት ቀደም ብለው ቢጀምሩና ቢለቁ ልጆቹ በብርሃን ቤታቸው ይገባሉ። እኔ ለልጄ ትምህርት ቤት በቃል ተናግሬ መልስ አላገኘሁም። እናንተ ብትጠይቁ ይመልሱ ይሆናል። ትምህርት ጽሕፈት ቤቱን ጠይቁልን፤ ያሏችሁንም አውጡት።

የሦስት ልጆች እናት
ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ